ስምንት ላይ የቆመች መርፌ

ኢንዲያና፣ በቆሎው ታጭዶ ሜዳው ራቁቱን በቀረበት ሰሞን፣
ከባቡሩ ሐዲድ መለስ ብሎ ቀይ መብራት ያዘኝ፤
ፔዳሉን ረገጥኩት፤ እንደ ቋጥኝ ገፍቶ መለሰኝ።
ፖንቲያኩ ሄደ፣ ሄደ፣ ነጩን መስመር አልፎ፣
ከፊቴ ካለችው መኪና ስንዝር ሲቀረው ቆመ፣ በስንት መከራ አርፎ።
ሴትዮዋ በመስተዋቷ አየችኝ።
እጄን አነሣሁ፤ ይቅርታ ይሁን ሰላምታ እንጃ፣ እሷም እንጃ ምን እንዳለችኝ።

ለማንም አልተነፈስኩም።
ሰባ ሦስት ሞላኝ፤ ቀኝ ጉልበቴን ሁለቴ ቢላ ነክቶታል፤
«እርጅና በእግር ይገባል» እላለሁ፣ «እነሆ ገብቷል፣ ጓዙን አውርዷል።»
ሌሊት ሌሊት የምድር ቤቱን ደረጃ ወጥቼ ወርጄ፣
እግሬን ቀጣሁት እንደ ሰነፍ ተማሪ፣ መደገፊያውን ይዤ በእጄ።
ፍሬኑን አልጠረጠርኩም። ሸራውን የቀየርኩት እኔ፣
ዘይቱን የሞላሁት እኔ፣ አየሩን ያስወጣሁት እኔ፤
ሰው የሠራውን አያማም፤
ሥጋውን ግን ሲያማ አያፍርም፣ አይደክምም።

እሑድ ጠዋት ኮሪን መጣች፣ ከሌሊት ፈረቃዋ ወጥታ፣
ሰማያዊውን የሆስፒታል ልብስ ሳትቀይር፣ ጸጉሯን በእስክሪብቶ ጠቅልላ ሰክታ።
ሥራዋ ትንፋሽ ነው፤ ላጠረው ሰው ቱቦ ትቀጥላለች፣
ሳንባ ሲያፏጭ ሰምታ ከየት እንደሆነ ታውቃለች።
መኪናውን ግቢው ውስጥ አንዴ ነድታ ልታቆም ሞከረች፣
የቆሻሻ በርሚሉን ገጭታ ወረደች።
«አባዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»
«ፍሬኑ ደህና ነው» አልኳት፣ «ጉልበቴ ነው።»
«እኔስ? የእኔም ጉልበት ነው?»

ኮፈኑን ከፈትን።
ሞተሩ እንደጠፋ አምስቴ ረግጣ፣ እግሯን ሳታነሣ አስነሣችው፤
ይኼኔ ፔዳሉ ዝቅ ማለት ነበር ወጉ፣ እጅ እንደሚነሣ ሎሌ ለጌታው።
እሱ ግን ፍንክች አላለም። ኩሩ ነው፣ እንደ ባለቤቱ፣ ማን ይንገረው።
ማዳመጫዋን ከአንገቷ አውርዳ ሰርቮው ጀርባ ላይ ለጠፈች፣
«አያፏጭም። ዲያፍራሙ አልተቀደደም» አለች።
ቫልቮላዋን ነቅላ በአፏ ነፋች፤ በአንድ ወገን አለፈላት፣
በሌላው እምቢ አላት።
«ይቺም ጤነኛ ናት።»
የጎማ ቱቦውን በጣቷ እየጨመቀች እስከ ሞተሩ ሄደች፤ ስንጥቅ የለም።
ከዚያ ጌጁን ሰካች። መርፌዋ ተንቀጥቅጣ፣ ተንቀጥቅጣ፣
ስምንት ላይ ቀረች፤ አሥራ ስምንት ይጠበቅባት ነበር፣ ከዚያ ባትበልጥ እንኳ።

ያኔ ገባኝ። ይቅርታ፣ ያኔ አይደለም፤ ከድሮም አውቀው ነበር፤
ለሌላ ሰው መኪና ቢሆን በስልክ እናገር ነበር።
በበረዶው ወራት ካምሻፍቱን ቀየርኩት፣ ጉብታው ከፍ ባለ፣
ሚኒሞ ላይ ሲቆም ዱም... ዱም-ዱም... እንዲል እየተደናቀፈ እየዘለለ፤
ጎረቤቴ ሄርሼል ከእራቱ ተነሥቶ በረንዳው ላይ እንዲቆም፣
«ምን አስገባህበት?» ብሎ እንዲጠይቅ፣ እኔም ፈገግ ብዬ ዝም።
ያ ድምፅ ነው ሌባው። መግቢያና መውጫው አብረው ሲከፈቱ
ባዶው ይፈስሳል፤ ለፍሬኑ ያ ባዶ ነበር ጉልበቱ።
ፍሬን የሚበረታው በሙላት አይደለም፤
ከበሮም ሆዱ ቢሞላ አይጮኽም።

«ወይ ካሙን መልሰው» አለች፣ «ወይ ፓምፕ ይገዛለት።»
ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ ሳንባ አዳመጠችው፣ ምንም ሳልላት።
ማክሰኞ ከመኪና መቃብር፣ ከተጨራመተ ቮልቮ ሆድ፣
በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ፈታን፤ ባትሪው ሥር አሰርነው፣ ገመድ በገመድ።
ሲነሣ እንደ ንብ ያጉረመርማል። መርፌዋ ወጣች፦
አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ዘጠኝ።
ዱም-ዱሙ እዚያው ነው፤ ሄርሼልም በረንዳው ላይ።

ያው ሐዲድ፣ ያው መብራት። ቀይ ሆነ።
ነካ ብቻ አደረግሁት፤ ፖንቲያኩ ቀጥ አለ፣ ነጩን መስመር ሳይነካ።
ኮሪንን ከጎኔ እንቅልፍ ወስዷታል ለካ።
እግሬ ግን፣ መኪናው ከቆመ በኋላ፣ ፔዳሉ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፣
ጥቂት፣ እንደዚያች መርፌ፤
መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ብቻዬን ቆጠርኩት።