አንድ እግሩ አጭር ወንበር

ከሌሊት ጥበቃ ስመለስ በማለዳ፣
ቂርያት ጋት አዛግታ፣ ሙቀቱ ሳይጎዳ፣
ከብሎካችን በታች መኪና ቆሞ አየሁ፤
ጭነቱ ምን እንደሆን ቀረብ ብዬ ለየሁ፤
ሦስቱ አግዳሚ ወንበር፣ አረንጓዴ ቀለም፣
ብሎናቸው ተፈትቶ። ለምን? የሚያውቅ የለም።
«ሰው ይሰበሰባል፤ ቅሬታ ቀረበ»
አለኝ ሾፌሩ፤ ገመዱን ሳበ፣ ሳበ።

ሰው መሰብሰቡ ነው እንግዲህ ጥፋቱ።
አባ ታረቀኝ ግን፣ ሰማንያ አራት ዓመቱ፣
እንደ ወትሮው መጥተው፣ ከዘራ በእጃቸው፣
የብሎን ቀዳዳ ከሲሚንቶው ሲያያቸው፣
ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ፣
ጉልበታቸው አገጭ ደርሶ፣ መኪኖች አጠገባቸው እየሮጡ።
እኔም አልፌ ሄድኩ። (ይኼን ልደብቀው ነበር።)
አልፌ ሄድኩና ተኛሁ፣ እስከ ቀትር።

ማታ በር ተንኳኳ። ኦሽራት ነች፣ የውቢት ልጅ፣
ብዕር ከጆሮዋ፣ ወረቀት በእጅ።
«ጋሼ ይግዛው፣ ፈርም!» (አንቱታ አታውቅም፤
እዚህ ነው የተወለደች፤ እኔም አልቀየምም።)
አባቴ ያለኝን ነገርኳት መልሼ፦
«በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።» ሳቀች። «ጋሼ፣
ዝንቡማ ገብቷል፤ ገና ጠዋት ገብቷል፤
አፍህን ስትዘጋው ከውስጥ ቀርቶብሃል።»
ፈረምኩ፣ እንድትሄድልኝ። ስሜን ይዛ ሄደች፤
በሳምንቱ መጥታ እግሬን ጠየቀች።

ስብሰባው መጠለያ ነው፣ ሻጋታ የሚሸት፣
ሳይረን ሲጮህ ብቻ የምንወርድበት።
«ድር ቢያብር» ይባላል፤ እኛ ግን ስንቆጠር
ሰባት ነን፤ አንበሳ ቀርቶ ድመትም አናስር።
ማርሴል፣ ሞሮኳዊቷ፣ ወሬዋ ማብቂያ የለው፤
ላሪሳ ቃለ ጉባኤውን በሩሲያኛ ነው የምትጽፈው፣
ከእሷ በቀር ማንም አያነበው።
ፈንታነሽ አንቀላፍታ፣ ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ፤
ኦሽራት ሰሌዳው ላይ ቀስት ስትስል አምሽታ።
እኔ ደብዳቤውን ለሽማግሌዎቹ በአማርኛ መለስኩት፤
«በአክብሮት እንለምናለን» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት።

ሦስት ደብዳቤ ላክን። አንድ መልስ መጣ፦
«ጉዳዩ እየተጠና ነው።» በጋው ጥናት ሆኖ ወጣ።

ያኔ ፈንታነሽ ነቃችና፦ «ወንበሩን ካልመለሱልን፣
እኛ እንውሰድላቸው» አለች። ሁላችንም ዝም አልን።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣
ከየብሎኩ ወንበር ደረጃ ሲወርድ
ብታዩት! የላስቲክ ነጭ፣ የድግስ የሚመስል፤
ማርሴል የሳሎኗን ባለ ወርቅ ቅብ ስታዝል፤
የእኔ የወጥ ቤቱ ነው፣ አንድ እግሩ አጭር፤
ካርቶን ካላስደገፉት ሰው የሚያሳፍር።
ከማዘጋጃ ቤቱ በር ፊት ለፊት ደረደርን፤
ሠላሳ አንድ ወንበር፤ መፈክር አልያዝን።
አባ ታረቀኝ በእኔው ላይ፤ እኔ ከጎን ቆሜ፣
አጭሩን እግር በጫማዬ ጫፍ ደግፌ፣ ደክሜ።

ጥበቃው መጣ። (ሙያችን አንድ ነው፤ አይቶኝ አፈረ።)
«ለሰልፉ ፈቃድ አላችሁ?» ብሎ ጀመረ።
ኦሽራት አፏን ስትከፍት፣ አባ ግን ቀድመዋል፦
«ሰልፍ ቆሞ ነው፣ ልጄ። እኛማ ተቀምጠናል።»
የቆምኩት እኔ ብቻ! ደንግጬ ንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ፤
የቀኑን ሙቀት ይዟል ገና። የወንበሩን አጭር እግር በእጄ ያዝኩ።

ከሦስቱ አንዱ ተመለሰ፣ በኅዳር፣ በዝናብ ቀን፤
መሐሉን በብረት ከፍለው፣ ጋደም ማለት ተከለከልን።
አባ ታረቀኝ አላዩትም፤ አሽዶድ፣ ልጃቸው ዘንድ ናቸው፤
ስልክ ደውዬ ነገርኳቸው፤ «ሁለቱስ?» ነው መልሳቸው።

«ሁለቱስ?» አጀንዳ ሆነ። ከሥሩ የመንገድ መብራት፣
ከሥሩ የተበላሸው አሳንሰር፣ ማርሴል አራተኛ ፎቅ ያለችበት።
ያን ወንበር ግን አልመለስኩትም፤ ከፊኩሱ ሥር ነው፤
ካርቶኑ በዝናብ ሟሙቶ፣ የማላውቀው ልጅ ድንጋይ አስደገፈው።
እራቴን ወጥ ቤት ቆሜ እበላለሁ፤
ሚስቴ ስትስቅብኝ፣ «ሰልፍ ቆሞ ነው» እላታለሁ።