ሌላ፣ አንድ

ተንደር ቤይ ላይ ታኅሣሥ እንዲህ ነው ሲጀምር፤
ሐይቁ ከዳር ይረጋል፣
የበሩ ብረት ጣት ይይዛል፣
እኔም ጨው እዘራለሁ ከደረጃው እስከ አጥር።

ቅድስት ሉድሚላ ነው የትምህርት ቤቱ ስም፤
ቦይለሩን ቀስቅሼ፣ መብራቱን አብርቼ፣ ደወሉን የምቀድም።
ታፈሰ ነው ስሜ። የልጆቹ ምላስ ይህን አልቻለም፤
«ሚስተር ታፊ» አሉኝ፣
ከረሜላ መስያቸው ይኸው አሥር ዓመት ሙሉ አላመጡኝ።

ከአዳራሹ መግቢያ ሦስት ሐምራዊ ሻማ፣ አንድ ሮዝ ሻማ፤
እህት ዊኒፍሬድ በሰማንያ አራት ዓመቷ
ፒያኖ ስትቀጠቅጥ እስከ ምድር ቤት የሚሰማ፤
«ዝም!» ትላለች፤ ዝም የሚል የለማ።
እረኞቹ ሰባት ናቸው፤ በትር ቢጠፋ በሆኪ ዱላ ያግዳሉ፤
መላእክቱ ክንፋቸውን ሳያወልቁ ሽንት ቤት ይገባሉ፤
ሰኞ ላባ፣ ዓርብ ላባ እጠርጋለሁ፤
ክንፉ ቢረግፍም እነሱ ይበራሉ።
ወይዘሮ ሊጋያ ለባዛሩ ኑድል በትልቅ ድስት አምጥታ፣
ርዕሰ መምህሩ ዳኒሉክ ከረባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ
ሳህን ያጥባል ማታ።

ከቢሮው ፊት ሣጥን በሣጥን ላይ፤
ለተቸገረ ቤት፤ ሾርባ፣ ባቄላ፣ ሩዝ፣ ሻይ።
የአራተኛ ክፍሏ ኦድሬ ቡሼ አንድ ጠዋት መጣች፤
ከካፖርቷ ኪስ ቆርቆሮ አወጣች፤
ወረቀቱ ተልጦ፣ ሙጫው ብቻ ቀርቷል።
«ምንድን ነው?» አልኳት።
«እኔንጃ። ሲነቀነቅ ግን ይሰማል።»
ጸሐፊዋ ፔልቲየር መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችው፤
ምን ብላ ትመዝግበው?
ዝርዝሩ ላይ ቦታ የለው፤
እርሳሷን ነከሰችና «ሌላ፣ አንድ» ብላ ጻፈችው።

ቅዳሜ ቫኑን ሞልተን ወጣን።
የያዝነው ወረቀት ስም የለበትም፣ የቤት ቁጥር ብቻ፤
እንዲያ ነው ደንቡ፣ ሰጪም ተቀባይም እንዳይሆን መዘባበቻ።
አሥራ አንደኛው ሣጥን፤ ከሐዲዱ ማዶ፣ በረንዳው የዘመመ፣
ደወሉ ከሞተ የከረመ።
አንኳኳሁ። ኦድሬ ከፈተች።
የበግ ጆሮዋን ከራሷ አላወለቀች፤
ሦስተኛዋ በግ ናት፣ ቤቷም ታጠናለች።
አላየሁሽም አልኩ በዓይኔ፤ አላየኸኝም አለች በዓይኗ፤
ሣጥኑን ተቀብላ አሳረፈችው ከጎኗ።
ከላይ፣ ከሾርባው አጠገብ፣ ራቁቱን ተቀምጦ፣
ያ ቆርቆሮ ከተማውን ዞሮ ቤቱ ገባ ቀን መርጦ።
የጫንኩት እኔ ነኝ። በዚህ እጄ።
ቫን ውስጥ ዳኒሉክ «ማን ነበር?» አለኝ፤
«ሰው» አልኩት። ሌላ ቃል አልወጣኝ።

ረቡዕ ማታ አዳራሹ ጢም አለ፤
ካፖርት በካፖርት ላይ፣ ቦት ጫማው ሁሉ ኩሬ ሠራ፤
የዮሴፍ ጢም ተገንጥሎ በጆሮው ተንጠለጠለ፤
አንዱ እረኛ ኮከቡን ሲያይ፣
ጎል እንዳገባ ሰው፣ ዱላውን ወደ ላይ።
እኔ የመጋረጃውን ገመድ ይዤ ከጥግ።
በአራት እግሯ እየዳኸች ደረሰች ሦስተኛዋ በግ፣
ቀና አለች፣
«አናናስ ነበር፣ ሚስተር ታፊ» አለች፣
«ሁለት ሁለት ቀለበት ደረሰን፤ ጭማቂውን እማዬ ጠጣች።»
ባአአ ብላ ወደ ግርግሙ አለፈች።
እህት ዊኒፍሬድ ሦስቴ ጠቀሰችኝ፤
መጋረጃው አልተዘጋም፣ ገመዱ እጄ ላይ ደርቆ ቀረብኝ።

ሌሊት፣ ላባውን ጠርጌ፣ ወንበሩን ደርድሬ፣
ቢሮውን ከፈትኩ በራሴ ቁልፍ፤
መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እርሳሱም ጥርስ ያረፈበት ጫፍ።
«ሌላ» የሚለውን ሰረዝኩና
«አናናስ» ብዬ ጻፍኩ፣ በፊደላችን።
ሰኞ ፔልቲየር ትጠይቀኛለች፣ ይህ ምን ዓይነት ጭረት ነው ብላ፤
መጥረጊያዬ ላይ ተደግፌ እላታለሁ፦
የሚበላ።