የሁለት እንቁላል ዕዳ

ሰዓቱ ሳይጮህ፣ ከሌሊቱ አስር ላይ ነቃሁ፣
የደንብ ልብሴን ሦስቴ ለብሼ ሦስቴ አወለቅሁ።
አንዱ ቁልፍ ከቀዳዳው አልገባም አለ፣
ወይ እሱ አብጦ ነው፣ ወይ የእኔ ጣት ዛለ።
ዳቦ ቆረስሁና፣ ቅቤ ቀባሁና
ጠረጴዛው ላይ ተውኩት፣ ጉሮሮዬ እንቢ አለና።

አምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ኦርቴንሲያ እባላለሁ።
ሃያ ስድስት ዓመት ሰርዲን በቆርቆሮ ሳሽግ ኖሬያለሁ፤
በሰፈሩ ድመት ዘንድ በጠረን እታወቃለሁ።
ፋብሪካው ሲዘጋ በሩ ላይ የለጠፏትን ወረቀት
አንብቤ ሳልጨርስ የባሕር ነፋስ ወሰዳት።

ደግሞ ፈሪ አይደለሁም።
እዚህ ቫልፓራይሶ የምድር ሥራዋ መናወጥ ነው፣
እንደ ተኛች ላም ድንገት ጎን መለወጥ ነው።
ያን ዓመት፣ መደርደሪያው ተንዶ ሰው ወደ በር ሲግተለተል፣
ሁለት ልጃገረዶች ከሥሩ አወጣሁ፣
አንዷን ጎትቼ፣ አንዷን አዝዬ፣ ቀልቀል ሳልል።
ታዲያ ዛሬ ምን ሆኜ ነው?
ምድር ጸጥ ብላ፣ ባሕሩም ተኝቶ፣
ለአንዲት የነሐስ እጀታ ጉልበቴ ተፈትቶ?

ሥራው ይኸው ነው፤ የኮረብታው ባቡር፦ ሁለት ፉርጎ፣ አንድ ገመድ፤
አንዱ ሽቅብ ሲሳብ ሌላው ቁልቁል መውረድ።
ሰው ከወደብ ወደ ኮረብታ፣ ከኮረብታ ወደ ወደብ፣
እኔ ከላይ ሆኜ እጀታ መሳብ።
በወረቀት ላይ ቀላል ነው።
በወረቀት ላይ ሁሉም ቀላል ነው።

ዶን ኤሊሴዮ በሩ ላይ ቆሟል፣ በካፖርት ተጠቅልሎ፣
የሠላሳ አንድ ዓመት ቁልፉን ከወገቡ አንጠልጥሎ።
«መጣሽ?» አለኝ። «መጣሁ» አልኩት። ዋሸሁ፤
ግማሼን አልጋ ላይ ትቼ ነው የወጣሁ።

«አይዞሽ» ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም።
ስለ ድፍረት አልሰበከም፣ ትከሻዬን አልያዘም።
መዳፌን አንስቶ መዘውሩን ከተሸከመው ብረት ላይ አኖረው፤
ብረቱ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል፣ ክንዴን ወረረው።
«ይንቀጠቀጣል» አልኩ።
«ሸክም አለበታ» አለ።
ከዚያ ጥግ ላይ የተጠቀለለ አሮጌ ገመድ በአገጩ አሳየኝ፦
«እሱ አይንቀጠቀጥም።»
ይህን ብሎ ሻይ ሊያፈላ ሄደ። ትቶኝ።

ከታች ጭጋግ ነው። ወደቡ የለም፣ መርከቡ የለም፣ ሰው የለም።
ደወሉ ሁለቴ ጮኸ፦ ተሳፍረናል፣ ሳቢ፤ ሌላ ትርጉም የለውም።
ምላሴ ኩበት ሆነ፤ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ትመታለች።
እጀታዋ ነሐስ ናት፣ ቀዝቃዛ ናት፣ ግን ታልባለች።
ፈራሁ።
«ያልፈራ እጅ ደግሞ መቼ አፈራ?»
አልኩና ሳብኩ።
አበዛሁት። ፉርጎው እንደ በቅሎ ዘለለ፣ ሐዲዱ አጓራ፣
ከጭጋጉ ውስጥ አንዲት ሴት ቅዱሳኑን በስም ጠራች በየተራ።

ቀስ አልኩ። ለቀቅ፣ ያዝ። ለቀቅ፣ ያዝ።
ጣሪያው ከጉሙ ብቅ አለ፤ አረንጓዴ፣ ርጥብ፣ የወፍ ኩስ ያለበት፤
እንዲህ የሚያምር ጣሪያ አይቼ አላውቅም፣ እውነት።

ሬናታ ናት፣ እንቁላል ሻጯ። ትሪዋን አቅፋ ወረደች።
አየችኝ። እጄን አየች። እንቁላሏን ቆጠረች።
«የሁለት እንቁላል ዕዳ አለብሽ» አለች፣
ሄደች፣ ጥቂት ተራምዳ ዞረች፦
«ኤሊሴዮ በመጀመሪያ ቀኑ
የእናቴን ሰባት ነው የሰበረ።»

ሻዩ መጣ። ሳልቀምሰው ደወሉ ጮኸ።
ደግሞ ጮኸ።
ስንት ጊዜ እንደጮኸ አልቆጠርኩም፤ ከምሳ በኋላ
አንድ ጊዜ፣ ስስብ፣ ስለ ወጥ ሳስብ ራሴን ያዝኩት።

ማታ ዕዳዬን ከፈልኩ፤ አንድ እንቁላል ለራሴ ጨምሬ ገዛሁ።
የጠዋቱ ዳቦ ደርቆ ጠበቀኝ፣ እንደቆምኩ ቆረጠምኩት፣
እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ይንቀጠቀጥ ብዬ ተውኩት።
ልብሴን ላወልቅ ስል፣ ያ ጠዋት አልገባም ያለ
የደረት ቁልፍ፣ አሁን ደግሞ አልወጣም አለ።
ከነልብሴ ተኛሁ፤
ለነገም ተቃለለ።