እባክዎ አይንኩ

ሃያ ስድስት ዓመት ያው አዳራሽ፣ ያው በር፣
ያው የእንጨት ወንበር፤
ያው የሸክላ ውሻ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ጆሮው የቆመ፣
ከሙት ጎን ተቀብሮ፣ ሙት መርቶ የደከመ።
ሰው ይመጣል፣ ያየዋል፣ ይስቃል፣ ጣቱን ይሰዳል፤
«እባክዎ አይንኩ» እላለሁ፤ ጣት ኪስ ውስጥ ይገባል።
በቀን ስንቴ እንደምለው ሌኦባርዶ አንዴ ቆጠረ፤
መቶ አርባ ላይ ሰለቸውና ምሳውን ጀመረ።

ስሜ ኤውስቶልያ ነው። ደረቴ ላይ ተለጥፏል፤
ማን ያነበዋል?
እኔም ያን ጀርባ አንድ ቀን እንኳ ዳብሼው አላውቅም፤
ማታ ሰው ሲያልቅ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ብቻችንን ስንቆም፣
እጄን ከኋላዬ አስሬ «ደህና እደር» እለዋለሁ።
አይመልስም፤ አልቀየምም፤ በሩን እቆልፋለሁ።

ዛሬ እሑድ ነው። ጉልበቴ አብጦ ሐኪም ዕረፍት ጽፎልኛል፤
ተኝቼ ጣራ ባይ፣ ጣራው ምን ይነግረኛል?
ዩኒፎርሜን ሚስማር ላይ ትቼ፣ ከሜትሮው ወጣሁ፤
እንደ ማንም እንግዳ ቻፑልቴፔክን ላይ መጣሁ።
«የፌንጣ ኮረብታ» ነው ትርጉሙ፣ በጥንቱ ቋንቋ፤
ፌንጣ ግን የለ፤ ያለው ፊኛ፣ ፊሽካ፣ የልጅ ዕቃ።
ሐይቁ ላይ ጀልባዎች ተጋጭተው ይሳሳቃሉ፤
ፍቅረኞች አንዱን መሪ ይቀማማሉ።
ሽኮኮ ኦቾሎኒዬን ነጥቃ ዛፍ ላይ ወጣች፤
«አይንኩ» የሚላት የለ፣ የታደለች!

ቤተ መንግሥቱ ኮረብታው አናት ነው። ዳገቱ ጉልበቴን አያውቅም፤
ሦስቴ አርፌ ደረስኩ፤ ንጉሥ ቢጠራኝ እንኳ ይህን ያህል አልደክምም።
ወለሉ ጥቁርና ነጭ፣ እንደ ዳማ ገበታ፤
የማን ጠጠር እንደሆንኩ ሳላውቅ ተሻገርኩት በዝግታ።
አንድ አልጋ አየሁ፣ በወርቅ ያጌጠ፣ በገመድ የታጠረ፤
አጭር ነው፤ የተኛበትም ጉልበቱን ሳያመው አልቀረ።

ከዚያ ወርጄ የሥዕሎቹ ቤት፣ ክቡ፣ ጥላው ቀዝቃዛ፤
አንዲት ቢጫ ሥዕል አስቆመችኝ፣ እጅጌዬን ይዛ።
የበቆሎ ማሳ ናት? እሳት ናት? ማን ያውቃል፤
ቀለሟ እንደ ጭቃ ተለጥፎ፣ ተቆልሎ፣ ጣት ይጠራል።
አፍንጫዬን አስጠጋሁ፤ እጄም ሳላዘው ተከተለ፤
ከኋላዬ ድምፅ፣ «እመቤቴ፣ እባክዎ አይንኩ!» አለ።

ዘወር ስል ጎረምሳ ነው፣ ሱሪው ለእግሩ የረዘመ።
ያበደርኩት ቃል ከነወለዱ ተመልሶ ፊቴ ቆመ!
ሳቄን ልውጠው ብል አመለጠኝ፤ እሱ ደነገጠ፤
ያበድኩ መስሎት ይሆናል፣ ሬዲዮውን ጨበጠ።
«ድምፅህ ጥሩ ነው» አልኩት፣ «ያ ጫማ ግን ይጠብብሃል፤
አንድ እግርህን አሳርፍ፣ ቀጥሎ ሌላውን፤ አለበለዚያ ዓመቱ ይረዝምብሃል።»

በመጨረሻ የልጆቹ ቤት፣ ሰማያዊ ጡብ ለብሶ፣
ጩኸቱ መንገድ ድረስ ፈሶ።
«ከልጅ ጋር ነዎት?» አለች ትኬት ቆራጯ። «ከጉልበቴ ጋር» አልኳት።
በሩ ላይ ያለውን ቃል፣ መነጽሬን ጠርጌ፣ ሁለቴ አነበብኩት፦
«ይንኩ»
ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። እጆቼ ከኋላዬ ናቸው፣
ተቆላልፈው፣ እንደ ልማዳቸው።
ማን ይፍታቸው?

አንድ ሰሌዳ አለ፣ ሺህ ሚስማር ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተትበት፤
እጅ ሲጫነው፣ በማዶው በኩል የእጅ መልክ የሚወጣበት።
«ኑ እንጂ፣ አይነክስም» አለኝ ጥርሱ የወለቀ ልጅ፤
ጠባቂ ፈልጌ ዞር ዞር አልኩ። ከዚያ፣ ቀስ ብዬ፣ እጅ።
ወጣ። አምስት ጣት፣ አንዱ ጠማማ፣ መሀሉ ጎድጓዳ።
ይህ ነው እንዴ? ገና አሁን ተዋወቅሁት፣ የራሴን እንግዳ።
ልጁ በመዳፉ ደፍቆ አጠፋውና የራሱን ተከለ፤
የሱም ጠፋ፤ ሌላ ተተካ፤ ሰልፉ ቀጠለ።

ከጭራው ሄጄ ቆምኩ እንደገና።
«ተራ ጠባቂ ነዎት?» ብላ ጠየቀችኝ አንዲት እናት።
«አዎ» አልኳት፣ «ሃያ ስድስት ዓመት።»