ንገረው፣ ንገራት

የደቅን ነፋስ ገና በጠረኑ አውቀዋለሁ፣
ከመነሣቱ በፊት ጀልባዬን አዞራለሁ።
እንቦጭ በየት በኩል እንደሚዘጋ መንገዱን፣
ጉማሬ በስንት ሰዓት እንደሚለቅ ማደሪያውን፣
ከውኃ በታች የተኛውን፣ ጀልባ የሚቀድ ድንጋይ፣
ጨለማ ይሁን ጉም ይሁን፣ አልፈዋለሁ ሳላይ።

«ልጅህ ስንተኛ ክፍል ነው?» ሲለኝ ሃምሳ አለቃው፣
«ስምንተኛ» አልኩ ፈጥኜ፣ እንደሚያውቅ ሰው።
ይታያል አንገቱን ደፍቶ፣ ጫማውን እያየ፣
«ከተውኩት እኮ… ቆየ።»

ጠረጴዛው ላይ አራት ስፖኪዮ፣ አንድ መፍቻ፣ አንድ ከረጢት፤
ባለ ባጃጆቹ በር ላይ፣ ተራ ይዘው ለምስክርነት።
«ከማን ጋር ነው የሚውል?» ሃምሳ አለቃው ደገመ።
ስለ ድንጋይ ቢጠይቀኝ ምላሴ ባልደከመ።

ቤታችን ሽምብጥ ነው፣ አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ፤
እኔና ባንቻየሁ የተኳረፍነው በአንድ ሞተር ዕዳ።
ሁለት ፋሲካ ፈስከናል ከአንድ ትሪ፣ ቃል ሳንለዋወጥ፣
ልጁን እንደ ድልድይ ዘርግተን በላዩ ስንረግጥ።

«ለአባትህ ንገረው፣ ሽሮ አልቋል በለው።»
«ለእናትህ ንገራት፣ ሲኖር እሰጣለሁ።»
«ንገረው፣ እህቱ ብትመጣ በር አልከፍትላትም።»
«ንገራት፣ በሩ የኔ ነው፣ ማንንም አላስፈቅድም።»

በሦስት ክንድ ርቀት! እሰማታለሁ፣ ትሰማኛለች፤
ያቺ የልጅ ድምፅ ግን ትሄዳለች፣ ትመለሳለች።
መጀመሪያ እንዳለ ያደርስ ነበር፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፤
ኋላ ስድቡን እየዋጠ፣ ግማሹን ሲመልስ፤
አንድ ማታ ግን ምንም ሳይል ጫማውን አሰረ፣
ከዚያ ወዲህ አምሽቶ ሳይሆን አንግቶ መግባት ጀመረ።

«የት ነበርክ?» ትበለው ብዬ፣ እኔ ለእሷ ተውኩት፤
እሷም ለእኔ ትታው ኖሯል፣ ሌሊት ከሌሊት።
ሲወለድ «ይታያል» አልነው፣ ደጉን ቀን ተስፋ አድርገን፤
ስሙን ስንጠራ ኖርን እንጂ፣ ማንኛችን አየን?

ባንቻየሁ መጣች ከአሳ ገበያው፣ ክንዷ ቅርፊት በቅርፊት፤
አየችኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ። ፊት ለፊት።
«ለዋሱ ወረቀት መታወቂያ ይዘሃል?» አለችኝ።

ይታያል ከተቀመጠበት ዞረ፣ ልማድ ሆኖበት፦
«መታወቂያ ይዘሃል ወይ ት…»
አፉን ያዘ።

ማታ በዘንባባው ጎዳና፣ ባጃጅ ውስጥ ሦስታችን ተጣብበን፤
በስተቀኝ ስፖኪዮ የለውም፤ ጉማጁን ሁላችን አየን።
ሾፌሩ በታጠፈ ቁጥር አንገቱን በጎን ያወጣል፤
ጉልበቴ ላይ ያረፈ ጉልበት አለ፤
ይንቀጠቀጣል።