የዱቤ አበባ

የዲኮሩ ሰውዬ ከባሕር ዳር መጥቶ
በስልኩ አሳየን፣ እግሩን ዘርግቶ፤
የላስቲክ ጽጌረዳ፣ ባለ መብራት ወንበር፣
ጢስ የሚተፋ ሣጥን፣ የሐር ጨርቅ በር።
ዋጋውን ሲጠራ ወንድሜ ይርሳው
"በዚህስ ብር" አለ፣ "ሁለት በሬ ነው።"

አንቺ ግን የዝና፣ መሬት መሬት አየሽ፤
አልተናገርሽም እንጂ ገባኝ ምን እንዳማረሽ።
"እኔ እሠራዋለሁ!" አልኩኝ ሳላስበው፣
እጄ ወፍጮ እንጂ አበባ የማያውቀው።

ሳቀች እናትሽ፤ ጌሾ ስትወቅጥ ነበረች፣
ዘነዘናዋን አቁማ ሳቀች።
"የወፍጮ ድንጋይ ሲወቅር የኖረ ጣት
አበባ ሊሠራ? በየት በኩል፣ በየት?"

ወረቀት ከየት ይምጣ? ከወፍጮው ቤት ጓዳ
ስድስት መዝገብ ወጣ፣ ዱቄት የለበሰ የብቸና ሰው ዕዳ፤

"ደብሬ፣ ሦስት ቁና ጤፍ፤ ለሚካኤል ትከፍላለች።"
"አለቃ ጥጋቡ፣ ዳጉሳ ሁለት ቁና፤ በሬው ሲሸጥ።"
"አስረበብ፣ በቆሎ፤ ባሏ ታሟል።" ከሥሩ፦ "ይቆይ።"

የየትኛው ወር ሚካኤል እንደሆነ አልጻፍኩም፤
በሬውም ተሸጦ እንደሆን አልጠየቅኩም።

መቀሱን በሞረድ ሳልኩት።
የመጀመሪያዋ ጎመን ሆነች፣ ሁለተኛዋ የታመመች ዶሮ፤
ሦስተኛዋ ላይ ጣቴ ደማ፣ ካንቺ ቀድሞ እንሶስላ ተነክሮ።

ቀን ቀን ሞተሩን አስነሣለሁ፤ ሰልፉ ጋብ ሲል በሩን ገጠም፤
ከጆንያ ሥር አወጣቸዋለሁ፣ ማንም እንዲያየኝ አልፈልግም።
"ምንድን ነው የሚቆራረጠው?" ይላሉ። "አይጥ ነው" እላለሁ፣ "አይጥ በዛ።"
መብራት ሲጠፋ ሞተሩ ዝም ይላል፤ መቀሴ ብቻ ይቀራል፣ እንደዋዛ።
በዱቄት ሙጫ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት በተመዘዘ ክር፣
እንግጫ ስትጎነጉኚ፣ በጳጉሜን ማታ፣ ከደጅ በር
ሳላውቀው ያየሁት ሁሉ ከጣቴ ይወጣ ጀመር።

ጥር ገባ። ዳሱ ተጣለ፤
አራት መቶ አበባ በሲባጎ ተንጠለጠለ፤
ነፋስ ሲነካው፣ ዳሱ ደብተር የሚገልጥ መሰለ።

እናትሽ ገባች። ቀና አለች። ዝም አለች።
"አንተ ሰው!" አለች ቀስ ብላ፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤
"ነገ ደብሬ እዚህ ተቀምጣ እንጀራ ስትቆርስ፣
ዕዳዋን ከራሷ በላይ ሰቅለህ፣ እንዴት አድርጋ ትጉረስ?"

አላሰብኩትም። እግዜር ያውቃል፣ ውበቱን ብቻ ነው ያየሁ።
በዚያው ሌሊት ባትሪ ነክሼ መሰላል ላይ ወጣሁ፤
ቅጠል በቅጠል ጽሑፉን ወደ ውስጥ አጠፍኩ፣
እንቢ ያለኝን በቀይ ሥር ውሃ ነከርኩ።
ዶሮ ሲጮህ ያለቀ መሰለኝ።

በማግሥቱ፣ ሙሽራው ሳይደርስ፣ ሚዜዎች ሳይገቡ፣
አለቃ ጥጋቡ ቀና ብለው ዓይናቸውን አጠበቡ።
አንዲት አበባ ተፈትታለች፤ ነፋስ ነው፣ ወይ የኔ ስንፍና።
ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፦ "ዳጉሳ... ሁለት ቁና።"
ምድር በዋጠችኝ።
እሳቸው ግን በከዘራቸው ቆልማማ አበባዋን አወረዱ፣
ኩታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት፤ "ይህችስ የኔው ናት" ብለው ወደ ጠላው ሄዱ።

አንድ ገጽ አልቆረጥኩም የዝና፤ በመጀመሪያው መዝገብ ጀርባ
በእርሳስ፣ ከሞተሩ ጩኸት አጠገብ፣ ሰባት ዓመትሽ ሳይገባ
"አባባ ዱቄት ነው" ብለሽ ጽፈሻል፤ "ቄ"ዋ ቀለበቷን ጥላ።
ልየው ቀለበት ሲያጠልቅልሽ፣ እኔ ከሰው ሁሉ ኋላ
ኪሴን ዳበስኩ። እዚያው አለች።
እሷን አልሰቅላት፣ አልሰርዛት።
ከሥሯ ግን በጥፍሬ ጭሬያለሁ፦
ይቆይ።