የጭረት መዝገብ

ወይዘሮ ኢንግሪድ፣ ቫሲል ነኝ፣
በስልክ «ከማክሰኞ እስከ ዓርብ» ያልኩዎት።
ዛሬ ዓርብ ነው፣ ያውም መሽቷል፤ ይቅርታዎን እሻለሁ፤
በረዶው ቢስማርክ ላይ ይዞኝ ሁለት ሌሊት አድሬአለሁ።
የኛ ቀን እንዲህ ነው፣ እንደ ላስቲክ ይሳባል፦
ደላላው ሰኞ ብሎ ይምላል፣
መንገዱ ሐሙስ ይላል፣
በረዶው ዝም ይላል።

ተሳቢዬ ከሰፈርዎ አይገባም፤
ቁመቱ ከመብራት ሽቦው፣ ርዝመቱ ከመታጠፊያው አይስማማም።
ለዚህ ነው ከሱቁ ፊት፣ ከጋሪዎቹ መደርደሪያ አጠገብ፣
በዚህ ብርድ ያስጠበቅሁዎት። አይፍረዱብኝ።

ስምንት ጭኛለሁ፤ የእርስዎ ዘጠነኛ ነው፤
ላይኛው ፎቅ ላይ ነው የማወጣው።
ታች የዋለ መኪና የላዩ ዘይት ይንጠባጠብበታል፣
የባለ ፎቅ ዕዳ ለምድር ቤት ይተርፋል።

ነዳጁ ሩብ ነው? ደግ አደረጉ፤ ከዚያ ያለፈው ሸክም ነው።
የማንቂያ ጩኸቱ ጠፍቷል? ትርፍ ቁልፉስ?
ከኋላ ወንበር የተጋደመው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ግን ይውረድ።
«ለልጅ ልጄ ነው፣ ከአያቷ» አሉኝ።
ገባኝ፤ ግን ኢንሹራንሱ የሚያውቀው ቆርቆሮውን ነው፣
የሆዱን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

ከዚያ ወረቀቱን አወጣሁ፤
መኪና የተሳለበት፣ ከአራት ወገን የታየ፣
ምንም ያልነካው፣ እንደ አራስ ልጅ ገላ የጠራ።
ባትሪዬን አብርቼ ዞርኩ።

የፊት መከላከያ፣ ቀኝ፣ ስንጥቅ።
«አጋዘን ናት» አሉ፣ «በዘጠና ስድስት።
ኦርቪል ወርዶ፣ እስትንፋሷ እስኪያልቅ፣ ከአስፋልቱ ዳር ተቀመጠ።»
የግራ በር፣ ጭረት፣ አንድ ክንድ።
«እኔ ነኝ፣ ከጋራዡ ጋር። ሁለት ቀን አኮረፈኝ፤
በሦስተኛው ቀለም ገዝቶ መጣ፤ ቀለሙም አልገጠመ።»
ጣሪያ፣ የበረዶ ጠጠር ስርጉድ፣ አሥራ አንድ።
«አሥራ ሁለት» አሉኝ። መልሼ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ነው።

እኔ የጻፍኩት «ስ»፣ «ጭ» እና «ስ» ነው፤
ለኩርፊያ የሚሆን ፊደል ወረቀቱ የለው።

ከኋላ፣ ከሰሌዳው ሥር፣ የጡጫ ያህል ስርጉድ፤
ጠርዙ ላይ የደረቀ ቢጫ ቀለም።
«ይሄስ?» አልኩ።
ዝም አሉ። ጉልበትዎን ይዘው ጎንበስ አሉ፤
በጓንትዎ ጫፍ ፈተጉት፤ አልለቀቀም።
«የኋለኛው ጎረቤት ትራክተር አረንጓዴ ነው፤
የፖስታው ነጭ ነው፤ የቄሱም ጥቁር።
ቢጫ ማን ነበረው?»
ከዚያ ሳቁ፤ ሳቅዎ በብርዱ ጭስ ሆኖ ወጣ።
«አንተ ሰውዬ፣ ማንን ገጭተህ ነው ሳትነግረኝ የሄድከው?»

«ስ» ብዬ ጻፍኩ።
እስክሪብቶዬን ከእጄ ወስደው
ከፊደሉ ጎን የጥያቄ ምልክት አደረጉበት።
ደንቡ አይፈቅድም። አልከለከልኩም።

ልጅቷን ይንገሯት፦ በጨለማ እንዳትፈርም።
መጀመሪያ አቧራውን ትጠበው፤ የመንገድ አቧራ ብዙ ይሸፍናል።
ይሄን ወረቀትና መኪናውን ጎን ለጎን ትያቸው፤
አዲስ ጭረት ካገኘች ፊቴ ትጻፈው፣ አልቀየማትም፤
ቀሪውን ሒሳብ በእጄ፣ በጥሬው።
የጥያቄ ምልክቱን ከጠየቀችኝ
እርስዎ ዘንድ እልካታለሁ።

አራቱን ጎማ በጠፍር አሰርኩ፤ ሞተሩን ነቀነቅሁት፤
ስወጣ በመስታወቴ አየሁዎት፦
ባዶው ሜዳ መሃል፣ መብራቱ ሥር፣ ዘንጉን ይዘው፣
ከአስፋልቱ በታች ሐይቅ እንዳለ የነገሩት ሰው መስለው።

ዛሬ እሑድ ነው። ዴንቨርን አለፍኩ፤ ቱሶን ማክሰኞ፣
ወይ ረቡዕ፤ እንግዲህ ያውቁኛል።
ሥራዬ አይደለም፣ አውቃለሁ፤
ግን ቢጫ መኪና በቀደመኝ ቁጥር
ጎንና ጎኑን እቃኛለሁ፣
ትንሽ ሰማያዊ ቀለም ፍለጋ።